ቅድመ ምስጋና

የአካል ጉዳተኞች መብት ማኅበር ሊቀመንበር በማዘጋጃ ቤቱ በር ብቅ ባለች ቁጥር ዘበኛው አንዲት ቃል ብቻ ይጮኻል፤ «መጣች!» ማን መጣች ብሎ የሚጠይቅ የለም። የመስኮቱ መጋረጃ ሁሉ ይዘጋል፤ ስብሰባ ያልነበረው ሁሉ ስብሰባ ይገባል፤ ጸሐፊዋም ሳይደወልላት «ሃሎ» ትላለች። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሠራተኛን ሁሉ እንዲህ በአንድ ጊዜ ሥራ የሚያስይዝ ሌላ ኃይል ታይቶ አይታወቅም።

ሴትዮዋ ግን ያን ያህል የምታደርገው ነገር አልነበረም። ዊልቼሯን እየገፋች ከደረጃው ሥር ትደርስና ትቆማለች። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የላትማ! ደረጃው ሰፊ ነው፤ ባለ እብነ በረድ ነው፤ ከሩቅ ለሚያየው ያኮራል። መታወቂያ የሚሰጠው፣ ልደት የሚመዘገበው፣ ጋብቻ የሚፈጸመው ሁሉ ከደረጃው በላይ ነው። የቅሬታ ሰሚው ቢሮም እዚያው ነው። ደረጃው አላስወጣ አለኝ የሚል ሰው ቅሬታውን ለማሰማት መጀመሪያ ደረጃውን መውጣት አለበት ማለት ነው። ይህን ያቀደው ሰው ጭንቅላት አላነሰውም፤ ያነሰው ሌላ ነገር ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ከደረጃው ጫፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያነጋግራታል። ድምፁ ያማረ ነው፤ ማማሩን ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

«እህቴ፣ ራምፑ በእቅድ ተይዟል» ይላታል።

ራምፕ የሚባለው ከደረጃ ጎን የሚሠራ፣ ዊልቼር የሚወጣበት ተዳፋት ነው። አምናም በእቅድ ተይዞ ነበር። ካቻምናም እንዲሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

«ይኼ ያዛችሁት እቅድ ምን አጥፍቶ ነው የማትለቁት?» ትለዋለች እሷም ወደ ላይ አንጋጣ። ኃላፊው ይስቃል፣ እጁን ያውለበልብላታል፣ ይገባል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እሷም ስቃ፣ ዘበኛውን ተሳድባ ትመለስ ነበር። ዘንድሮ ግን ነገሩ ሆዷ ገባ። ታናሽ እህቷ ልታገባ ነው፤ የጋብቻ አዳራሹም ከዚያው ከደረጃው በላይ ነው። እናታቸው ስትሞት ታናሺቱ የወተት ጥርሷን እንኳ አልነቀለችም ነበር። ሊቀመንበሯ በእጅ የሚዘወር የስፌት መኪና ተበድራ፣ ጣቷን በመርፌ እየወጋች አሳድጋ፣ አስተምራ ለዚህ አድርሳታለች። የሙሽራዋ ምስክር ሆኖ የሚፈርም ሰው ቢፈለግ ከእሷ በቀር ማን ሊገኝ?

«ተሸክመው ያውጧት እንጂ ምን ችግር አለው» የሚል አይጠፋም። ችግርማ አለው። አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበራትና አራት ወንዶች ከነዊልቼሯ አንጠልጥለው አወጧት። አንደኛው ይስቃል። ሌላኛው «ቀስ! ግድግዳውን!» ይላል፤ ያዘነው ለግድግዳው ነው። አንድ እግር ጫማዋ መሐል ላይ ወድቆ ቀረ። ላይ ሲደርሱ የቆመው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ለማን ነው ብላ ዞር ብትል ለተሸካሚዎቹ ነው። እሷ ፊቷ እሳት ሆኖ፣ አንድ እግሯን ባዶ ይዛ ዳኛው ፊት ቀረበች። ከዚያች ቀን ወዲህ «እኔ ቁም ሣጥን አይደለሁም፤ ሁለተኛ ማንም አይሸከመኝም» ብላ ምላለች።

የማኅበሩ ቢሮ ቀድሞ የጎማ መጠገኛ የነበረች ምድር ቤት ናት። ዛሬም ድረስ አንዳንድ ባለመኪና የተነፈሰ ጎማውን እያንከባለለ ይገባል፤ አባላቱም ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ሳያስተምሩ አይለቁትም። ሊቀመንበሯ ከማዘጋጃ ቤት በተመለሰች ማግስት የማኅበሩ ጠበቃ እንደ ልማዱ ከረባቱን አስሮ፣ ነጭ በትሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጦ ነበር። ዓይነ ስውር ነው፤ ሰው ሲዋሽ ግን ከበር ጀምሮ ያውቃል።

«እንክሰሰው» አለች።

«እንክሰሰው። እህትሽ የልጅ ልጅ ስታይ ይፈረድልናል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? በሬዲዮ ልስደበው?»

«ወቀሳ የሚገባው መሳቢያ ውስጥ ነው» አለ ጠበቃው በትሩን እያሻሸ። «ምስጋና ግን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እናመስግነው።»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ራምፑ ነዋ።»

«የቱ ራምፕ?»

«እሱን እሱ ያስብበት።»

ሊቀመንበሯ ተንከትክታ ሳቀች። ዘዴው ለማኅበሩ አዲስ አልነበረም፤ ስምም ነበረው፤ «ቅድመ ምስጋና» ይሉታል። አንድ ጊዜ ለአንድ ባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ ከዊልቼር ላይ የሚደረስበት ዝቅ ያለ መስኮት ስላሠሩልን ብለው እቅፍ አበባ ይዘውለት ሄዱ። መስኮት የሚባል ነገር አልነበረም። ሰውየው አበባውን አቅፎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ አጨብጭበውለት ሲያበቃ ምን ይበል? አበባው ሳይደርቅ መስኮቱ ተሠራ። ሰው ተወቅሶ ከሚያፍረው ይልቅ በማይገባው ተመስግኖ የሚያፍረው ይበልጣል፤ ማኅበሩ ይህን የደረሰበት በብዙ ድካም ነው።

እናም የማኅበሩ ወዳጅ የሆነች የሬዲዮ ጋዜጠኛ በቀጥታ ስርጭት ለኃላፊው ደወለችለት። «እንኳን ደስ አለዎት! ለአካል ጉዳተኞች ስለሚያሠሩት ራምፕ ማኅበሩ የምስጋና ሽልማት አዘጋጅቶልዎታል» አለችና ቀኑን ነገረችው። ቀኑ የእህቲቱ የጋብቻ ቀን ነው።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ያ ያማረ ድምፅ መጣ። አካል ጉዳተኞች ወንድሞቻችን፣ እህቶቻችን፣ የዓይናችን ብሌኖች ናቸው አለ። ሌት ተቀን እንቅልፍ አጥቼ ያሰብኩበት ጉዳይ ነው አለ። ጋዜጠኛዋ «ለመሆኑ መጀመሪያ የሚወጣበት ማነው?» ብትለው ጊዜ ጭራሽ ልቡ ሞቀ።

«እኔ ራሴ! በዊልቼር ተቀምጬ፣ ችግራቸውን ተካፍዬ!»

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ጠበቃው የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰና «ይሄንን እንኳ እኛ አልጠየቅነውም» አለ። «ምራቂ ነው።»

በማግስቱ ግንበኛ ገባ፤ ሲሚንቶ ተለወሰ። ሊቀመንበሯ ደስታውን አልቻለችውም። ለእህቷ «እወጣለሁ፣ በገዛ ጎማዬ!» እያለች የሙሽራ ቀሚሷን ትሰፋ ጀመር። ሠርጉ ሲቃረብ ጠበቃውን አስከትላ ራምፑን ልታይ ሄደች።

«መጣች!» አለ ዘበኛው።

ከደረጃው ሥር ደርሳ ቀና አለች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ግንበኛው የደረጃውን አንድ ጎን በሲሚንቶ አልብሶ፣ እንደ መስታወት አለስልሶት ነበር። አንድ ክንድ ከፍታ ለመውጣት አሥራ ሁለት ክንድ የሚሆን አግድም መንገድ እንደሚያስፈልግ ይህች ሴት በሄደችበት ሁሉ ስታስተምር ኖራለች። እዚህ ግን ነገሩ በሁለት ክንድ ተጠናቋል። ድጋፍ የሚሆን ብረት እንኳ በጎኑ የለውም። ጠበቃው በበትሩ መታ፣ ዳበሰና «ይሄ መንገድ ነው ወይስ ግድግዳ?» አለ።

«ምን ላድርግ እሜቴ» አለ ግንበኛው በሲሚንቶ የነጣ እጁን እያራገፈ። «ላረዝመው ፈልጌ ነበር። ያቺን ግን እንዳትነካ ተባልኩ።»

ያቺ የተባለችው ከደረጃው አጠገብ፣ የራሷ ጥላ ተሠርቶላት የቆመችው የኃላፊው ጥቁር መኪና ናት። ራምፑ ዞሮ ሊረዝም የሚችለው በእሷ ማረፊያ ላይ ብቻ ነው። ይኸውልህ እንግዲህ! ለመኪናዋ ጥላ ሲሠራ እቅድ የሚባል ነገር ማንም አላነሳም።

«ሽልማቱን እንሰርዘው?» አለ ጠበቃው በመንገድ ላይ።

«ለምን ብዬ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እወጣበታለሁ ብሏል፤ ይውጣበት።»

ይህን ስትል አፏ ነው እንጂ ልቧ አልነበረም። ቤት ገብታ ለእህቷ ነገረቻት። ታናሺቱ ያልተጠናቀቀውን ቀሚስ ለብሳ ወንበር ላይ ቆማለች፤ ሊቀመንበሯ ከሥር ሆና ጫፉን ታጥፋለች፤ በከንፈሯ የስፒል መዓት ነክሳለች።

«እትዬ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ቢያወጡሽስ? የሙሽራው ጓደኞች ጠንካሮች ናቸው። በጥንቃቄ ነው የሚይዙሽ።»

ሊቀመንበሯ በእንቢታ ራሷን ነቀነቀች።

«ለእኔ ስትይ።»

አሁንም ነቀነቀች። ታናሺቱ ድምፅዋ ተሰበረ። «ልጅነቴን ሙሉ ሰልፍ ነው። ልደቴ ሰልፍ፣ ምርቃቴ ሰልፍ። አሁን ደግሞ ሠርጌን ሰልፍ ልታደርጊብኝ ነው?»

ሊቀመንበሯ ስፒሎቹን እንደነከሰች ጫፉን ማጠፏን ቀጠለች። ልጅቷ እውነቷን ነው። በልደቷ ቀን ኬኩ ሳይቆረስ የአውቶቡስ መሥሪያ ቤት በር ላይ መፈክር ይዛ አስቁማታለች፤ በምርቃቷ ቀን ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጋር ስለ መጸዳጃ ቤት በር ስፋት ስትጨቃጨቅ ፎቶ ሳይነሱ ቀርተዋል። ቀሚሱን አጥፋ ስትጨርስ እህቷ እንዳታያት ወደ ግድግዳው ዞራ ዓይኗን ጠረገች።

በነጋታው ጠበቃውን ለብቻው ጠራችው። «ራምፑ እንቢ ካለ ይሸከሙኝ» አለችው። «ምንም እንዳትናገር። የማኅበሩ ፎቶ አንሺ ብቻ እንዳያነሳኝ አደራ።»

ጠበቃው ለወትሮው ቀልድ አያጣም። ያን ቀን ግን በትሩን አንስቶ ፎቶ አንሺውን ፍለጋ ወጣ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ግቢው በሰው ሞላ። ኃላፊው አዲስ ሱፍ ለብሶ፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ ወረደ። ጋዜጠኛዋ መቅረጫዋን ደገነች። መስማት የተሳነው የማኅበሩ ፎቶ አንሺም ካሜራውን አንጠልጥሎ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ጫጫታው ስለማይረብሸው ከሁሉም በፊት የሚታየው ለእሱ ነው። ሊቀመንበሯ በመስታወት ፍሬም የገባውን የምስጋና ወረቀት ለኃላፊው አስረከበችና ትርፍ ዊልቼር ገፋ አደረገችለት።

«እንግዲህ ጌታዬ፣ በቃልዎ መሠረት።»

ኃላፊው ለካሜራው ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። ጎማውን እንደ ዋዛ ቢገፋ ዊልቼሩ አንድ ስንዝር ሄዶ ሁለት ስንዝር ተመለሰ። እንደገና ገፋ፤ የፊቱ ጎማ ወደ ሰማይ ተነሳ። «ኧረ ያዘኝ!» አለ። ዘበኛው ሮጦ ከኋላ ገፋው፤ እየገፋ እየገፋ መሐል ላይ ሲደርስ ጫማው በዚያ በተወለወለ ሲሚንቶ ላይ ይንሸራተት ጀመር። ወደ ላይ እንዳይወጡ አልቻሉም፤ ወደ ታች እንዳይወርዱ ፈሩ። ኃላፊው ጀርባው ተንጋሎ፣ ሁለት እግሩ ሽቅብ ተሰቅሎ፣ ምስጋናውን ደረቱ ላይ አቅፎ ቀረ። ዘበኛው ከለቀቀው ሁለቱም ገደል ገቡ ማለት ነው።

«ተሸከሙኝ!» ሲል ያ ድምፅ ቀጥኖ ወጣ።

የሙሽራው አራት ጓደኞች በተረፈው ደረጃ በኩል ተንደርድረው ወጥተው ከነዊልቼሩ አንጠለጠሉት። አንደኛው ይስቃል። ሌላኛው «ቀስ! ሱፉን!» ይላል። ላይ አድርሰው ሲያስቀምጡት ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ኃላፊው ጸጉሩ ግንባሩ ላይ እንደተበተነ እጁን ለምስጋና ከፍ ሊያደርግ ሲል ሰዉ የሚያየው እሱን እንዳልሆነ ገባው። የሚጨበጨበው ለተሸካሚዎቹ ነበር። እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አሳረፈ። ቁልቁል ሊቀመንበሯን አያት፤ እሷም አየችው። በዚያች ቅጽበት የሁለቱ ሰዎች ነገር አንድ ነበር፤ ሌላ ማንም አላወቀም።

ልጆቹ ላባቸውን እየጠረጉ ወደ እሷ ወረዱ። «እትዬ፣ አንቺንም እናውጣሽ?»

ሊቀመንበሯ ጎንበስ አለች። የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች፤ ይህችኛዋ እንዳትወድቅባት። ከዚያ «እሺ» ልትል አፏን ከፈተች።

«አትንኳት!»

እህቷ ናት። ሙሽራዋ ያን ነጭ ቀሚስ ሰብሰብ አድርጋ መጣችና ከራምፑ ግርጌ፣ ሲሚንቶው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«እኔ አልወጣም። ምስክሬ እዚህ ናት፤ ጋብቻውም እዚሁ ይሁን።»

«ተነሺ አንቺ ልጅ!» ጮኸች ሊቀመንበሯ። «ቀሚሱን! ሌት ተቀን የሰፋሁትን!» እንባዋ ግን ጉንጯ ላይ ወርዷል።

«ሰልፍ ላይ ነኝ እትዬ» አለች ታናሺቱ አገጯን ቀና አድርጋ። «ዝም በይ።»

ሙሽራው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ነገር አያበዛም። ሙሽራዋን አየ፣ ደረጃውን አየ፣ ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ ሳብ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ። ሚዜዎቹም ተቀመጡ። እንግዶቹ ተያዩና እነሱም አንድ በአንድ መሬት ያዙ። ከላይ በር ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ስታይ የነበረችው የጋብቻ መዝጋቢ ጡረታዋ የቀረበ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ነበረች። መዝገቡን በብብቷ ይዛ፣ በጎን በኩል ባለው ጠባብ የሠራተኞች ደረጃ እየተመረኮዘች ወረደች። «ይሄን ደረጃ ከእናንተ በፊት የጠላሁት እኔ ነኝ» አለች። «የምጽፍበት ጠረጴዛ ግን የለም።»

ጠበቃው በበትሩ ከጎኑ ያለውን ነገር ቀጭ ቀጭ አደረገ። «ይሄ ምንድነው?» አለ፤ ምን እንደሆነ አሳምሮ እያወቀ።

መዝገቡ በኃላፊው መኪና ኮፈን ላይ ተዘረጋ። ሙሽራው ፈረመ፤ ሙሽራዋ ፈረመች። ሊቀመንበሯ ዊልቼሯን አስጠግታ ክርኗን ኮፈኑ ላይ አሳርፋ፣ አንድም ሰው ሳያግዛት፣ ተረጋግታ ፈረመች።

«ኧረ መኪናዬን!» ይላል ኃላፊው ከላይ። «ከመኪናዬ ላይ ተነሱልኝ!»

ጠበቃው ድምፁ ወደመጣበት አንጋጠጠ። «በእቅድ ተይዟል!» አለ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ዘበኛው ሳይቀር ኮፍያውን አፉ ላይ ጭኖ ሳቀ።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሊቀመንበሯና ጠበቃው ሁለት ባለመስታወት ፍሬም ይዘው ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። አንደኛው በዚያ ግርግር ከኃላፊው እጅ ወድቆ መስታወቱ የተሰነጠቀውና የታደሰው ምስጋና ነው። ሁለተኛው የፎቶ አንሺው ሥራ ነው፤ ኃላፊው በአራት ሰው ተንጠልጥሎ፣ ጫማው ሰማይ ሰማይ እያየ። ኃላፊው ካሜራ ሳይኖር ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ወደ ታች ወርዶ አነጋገራቸው።

«ማኅበራችን ቢሮው ግድግዳ ላይ አንዱን ሊሰቅል ነው፤ እንዲመርጡልን ብለን ነው» አለች ሊቀመንበሯ በትሕትና።

«ምስጋናውን ነዋ!»

«ምስጋናው ራምፕ ይፈልጋል ጌታዬ።»

«እሱማ በእቅድ…» ብሎ ጀመረና ዓይኑ ፎቶው ላይ አረፈ። አፉን ዘጋ።

የመኪናዋ ጥላ ፈረሰ። መኪናዋም እንደማንኛውም መኪና ከአጥር ውጭ ፀሐይ ይመታት ጀመር። ግንበኛው ተመልሶ መጣና በዚህኛው ጊዜ ሊቀመንበሯ ከጎኑ ሆና እየተጨቃጨቀች፣ እያስለካች፣ እያስፈረሰች አሠራችው። ሲያልቅ ምረቃ ይደረግ ቢባል እንቢ አለች።

አንድ ተራ ቀን ጠዋት የእህቷን የጋብቻ የምስክር ወረቀት ልትወስድ ብቻዋን ሄደች። መዳፏን ጎማው ላይ አድርጋ መውጣት ጀመረች። መኪናዋ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ስትደርስ መታጠፊያውን ዞረች፤ ብረቱን ያዝ አድርጋ ትንፋሽ ወሰደች፤ ቀጠለች። በስልክ እያወራ የሚወርድ ሰውዬ ሳያያት «ይቅርታ» ብሎ መንገድ ለቀቀላት። ዘበኛው ብርቱካን እየላጠ ነበር፤ ቀና ብሎ አያት፤ «መጣች!» ሳይል ወደ ብርቱካኑ ተመለሰ። ላይ ደረሰች። ማንም አላጨበጨበም።

አዳራሹ ውስጥ ገብታ እንደ ድሮ ልማዷ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ያቺው መዝጋቢ ከመነጽሯ በላይ አየቻትና ተቆጣች።

«ወረፋ አለ እኮ እህቴ! ወረፋሽን ያዢ!»

ሊቀመንበሯ ሳቋ እየመጣባት ወደ ኋላ ዞረችና ከሰልፉ መጨረሻ ሄዳ ቆመች።